ጤናና ቤተሰብ፦ በረዶ የያዘው ሕዋስ ነፍስ ይዘራልን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ለዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ የሆነን ከእስቴ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው እንደሚለው የወንድሙ ልጅ የደም ካንሰር ይዟት ለሕክምና ወደ ሕንድ ተወስዳለች። ከወንድሞቿ የአንዱ መቅኔ ከእርሷ ጋር የሚስማማ ሆኖ በመገኘቱ ሐኪሞቹ ከእርሱ ሕዋስ ወስደው ለእርሷ ሊሰጧት ወስነዋል። ይሁንና ልጅቷ ለሕክምናው እስክትዘጋጅ ድረስ የተወሰደው ሕዋስ ቀዝቅዞ እንደሚቀመጥ ሲሰማ ቤተሰቡ ተጨነቀ። አያትየዋም «ውርጭ የመታው ባቄላ መቼ አፍርቶ ያውቃል? በረዶ የያዘው ደም እንዴት አድርጎ ልጄን ያድናታል?» ብለዋል። ጸሐፊው የሚጠይቀን ሦስት ነገር ነው። የቀዘቀዘ ሕዋስ በእርግጥ ይሠራልን? የልጅቷን ማገገም ያዘገየዋልን? በሸሪዓችንስ እንዴት ይታያል?

የአያትየዋ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ፣ በተለይም በጉና ተራራ ዙሪያ ላለ ገበሬ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልግም። የሳይንስ ሰዎችም ለብዙ ዓመታት ሲያስጨንቃቸው የኖረው ይኸው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከመሠረቱ እንጀምር።

መቅኔና ሥራው

እንደሚታወቀው ደማችን በየቀኑ ያረጃል፤ በየቀኑም ይታደሳል። ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የሚባለው ሕዋስ ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ተሕዋስያንን ከሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ዋነኞቹ ደግሞ በደም ውስጥ ከአንድ ቀን ብዙም አይዘልቁም። ይህን ሁሉ ያለማቋረጥ የሚተካው በአጥንታችን ውስጥ የሚገኘው መቅኔ ነው። በመቅኔው ውስጥ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ፣ ነገር ግን የደም ሕዋሳት ሁሉ ምንጭ የሆኑ ሕዋሳት አሉ። ሐኪሞች ስቴም ሴል ይሏቸዋል። ቅርንጫፉ ሁሉ ከእነርሱ ስለሚወጣ እኛ ግንደ ሕዋስ እንበላቸው።

አንዳንድ የደም ካንሰር ዓይነቶች በቀላል መድኃኒት አይለቁም። ሐኪሞች ከባድ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንድ ጊዜም ጨረር ይሰጣሉ። ይህ ሕክምና የታመመውን ሕዋስ ሲያጠፋ ጤነኛውን መቅኔም አብሮ ያጠፋዋል። በመሆኑም በጠፋው ምትክ አዲስ ግንደ ሕዋስ መስጠት የግድ ይሆናል። ሕዋሱ የሚሰጠው ልክ እንደ ደም በደም ሥር ነው፤ ለተቀባዩ ቀዶ ጥገና የለበትም። ግንደ ሕዋሳቱ ከደም ጋር ተጉዘው በአላህ ፈቃድ ራሳቸው ወደ አጥንቱ ውስጥ ገብተው ሥር ይሰዳሉ። ይህን ሕክምና በሰው ላይ በመሞከር ቀዳሚ የነበሩት አሜሪካዊው ዶክተር ዶናል ቶማስ የመጀመሪያ ሥራቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ከብዙ ውድቀትና ልፋት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ግንደ ሕዋሱ ከሁለት ወገን ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ከታማሚው ከራሱ ተወስዶ፣ ከባድ መድኃኒቱ ከተሰጠው በኋላ ለራሱ የሚመለስ ነው። ሁለተኛው እንደ ደብዳቤው ጸሐፊ ቤተሰብ ከሌላ ሰው፣ በተለይም ከእናትና ከአባት ልጅ የሚወሰድ ነው። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ከታማሚው ጋር ሙሉ በሙሉ የመስማማት ዕድላቸው ለእያንዳንዳቸው ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት ለጋሽ የማግኘት ተስፋው ይሰፋል።

ሕዋሱ የሚወሰደውም በሁለት መንገድ ነው። የቆየው ዘዴ ለጋሹን በማደንዘዣ አስተኝቶ ከዳሌ አጥንት መቅኔውን በመርፌ መቅዳት ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ግን ለጋሹ ለ4 ወይም ለ5 ቀን ያህል መርፌ እየተወጋ ግንደ ሕዋሱ ከአጥንት ወጥቶ በደሙ ውስጥ እንዲበዛ ይደረጋል። ከዚያም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ደሙ በአንድ ክንዱ ወደ መሣሪያ ገብቶ፣ ግንደ ሕዋሱ ተለይቶ ይቀርና የተረፈው በሌላው ክንዱ ይመለስለታል። የጤነኛ ለጋሽ መቅኔ የሰጠውን በሳምንታት ውስጥ ይተካል።

ውርጭ ለምን ይገድላል?

የእያንዳንዱ ሕዋስ አብዛኛው ክፍል ውኃ ነው። ውርጭ ባቄላውን ሲመታው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል። በረዶው እንደ መርፌ የሾለ ስለሆነ የሕዋሱን ግድግዳ ይወጋዋል። በሌላ በኩል ከሕዋሱ ውጭ ያለው ውኃ ቀድሞ ሲረጋ የቀረው ፈሳሽ ጨው ይበዛበትና የሕዋሱን ውኃ መጥጦ ያደርቀዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ ጠቁሮና ተልፈስፍሶ የሚታየው ለዚህ ነው። የሰውም ሕዋስ እንዲሁ ያለ ጥበቃ ቢቀዘቅዝ ይሞታል። እንግዲህ አያትየዋ ያሉት ትክክል ነው፤ ዕራቁቱን በረዶ የያዘው ሕዋስ አያድንም።

የችግሩ መፍትሔ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በእንግሊዝ አገር የነበሩ ተመራማሪዎች ግሊሰሪን የተባለውን ወፍራም ፈሳሽ ከአውራ ዶሮ ዘር ጋር ቀላቅለው ቢያቀዘቅዙት ሲቀልጥ ሕይወቱን ይዞ አገኙት። ፈሳሹ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ዘልቆ በመግባት የበረዶ መርፌ እንዳይበዛ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ በሐኪሞች ዘንድ ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው ሌላ ፈሳሽ ለዚሁ ሥራ እንደሚጠቅም ታወቀ። ዛሬ ግንደ ሕዋስ የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው በዚህ ፈሳሽ ነው።

ይህ ነገር ለገጠር አንባቢዎቻችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የከብት ማዳቀል ባለሙያው በየቀበሌው ይዞት የሚዞረውን፣ ሲከፈት እንደ ጭስ የሚተነውን ዕቃ ያላየ ጥቂት ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ይባላል፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ቃሊቲ ከሚገኘው የማዳቀያ ማዕከል የሚወጣው የኮርማ ዘር በዚያ ውስጥ ቀዝቅዞ ይቆያል፤ ቀልጦ ለላም ከተሰጠ በኋላም ጥጃ ይወለድበታል። የሰው ግንደ ሕዋስም የሚቀመጠው በዚሁ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ወይም ከፈሳሹ በላይ ባለው ጉም ውስጥ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ የሕዋሱ ሥራ ሁሉ ቀጥ ይላል፤ አያረጅም፣ አይራብም። በዚህ ሁኔታ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጦ ለታማሚ የተሰጠ ግንደ ሕዋስ ሥር ሰዶ ደም ማምረቱ ተረጋግጧል።

በሆስፒታል የሚደረገው አሠራር ግን ጥንቃቄው የበዛ ነው። ሕዋሱ ከዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. ጋር ይቀላቀላል፤ የፈሳሹ መጠን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 እጅ ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ናይትሮጅን አይጨመርም፤ በየደቂቃው በአንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ቀስ እያለ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ማቅለጡ ደግሞ በተቃራኒው በፍጥነት ነው። ከረጢቱ 37 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከርና ወዲያው ለታማሚው ይሰጣል። ሕዋሱን ከበረዶ የጠበቀው ፈሳሽ ሙቀት ሲያገኝ ራሱ ሕዋሱን መጉዳት ስለሚጀምር መዘግየት አይገባም።

በዚህ ጊዜ አስታማሚዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የቀለጠው ሕዋስ ሲሰጥ ታማሚው ሊያቅለሸልሸው፣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያስለው ወይም የደም ግፊቱ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ትንፋሹም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ይኖረዋል። የዚህ ምክንያቱ ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. ከሰውነት ሲወጣ ነው። ሕዋሱ ተበላሽቶ ነው ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ለነርሷ መንገር ግን ይገባል።

ማገገምን ምን ያህል ያዘገየዋል?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ሕዋሱ ከተሰጠ በኋላ ታማሚው በጣም አደገኛ የሆኑ ቀናትን ያሳልፋል። አሮጌው መቅኔ ጠፍቷል፤ አዲሱ ገና አልያዘም። ነጭ የደም ሕዋስ ስለሌለው ቀላል ጉንፋን እንኳ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ፕላትሌት ስለሌለው ከድዱ፣ ከአፍንጫው፣ አንዳንዴም ከውስጥ አካሉ ይደማል። ሐኪሞች አዲሱ መቅኔ «ያዘ» የሚሉት ዋነኞቹ ነጭ ሕዋሳት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 500 ደርሰው ለሦስት ተከታታይ ቀናት ሲቆዩ ነው። ለፕላትሌት ደግሞ ታማሚው ደም ሳይሰጠው 20,000 ላይ መቆየቱ ይታያል።

ከደም የተወሰደ ግንደ ሕዋስ ለራሱ ለታማሚው ሲመለስ ነጩ ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይነሣል። ልብ በሉ፤ ለራስ የሚመለሰው ሕዋስ በዓለም ዙሪያ በአብዛኛው ቀዝቅዞ የቆየ ነው። ከሌላ ሰው የተወሰደ ሲሆን፣ በተለይም ከዳሌ አጥንት የተቀዳ መቅኔ ከሆነ፣ እስከ 3 ወይም 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ማቀዝቀዙ በራሱ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ከሕዋሳቱ ከፊሉ ይሞታል። የሚበዙት ሟቾች ለሥር መስደድ የማያስፈልጉት የበሰሉ ነጭ ሕዋሳት ሲሆኑ ግንደ ሕዋሳቱ የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ቢሆንም ከእነርሱም የሚጎድል አለ። ስለዚህ ዋናው ነገር ከቀለጠ በኋላ በሕይወት የቀረው ቁጥር ነው። ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ኪሎ የታማሚ ክብደት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ግንደ ሕዋስ ይፈልጋሉ፤ 5 ሚሊዮን ቢሆን ደግሞ ይመርጣሉ። ክብደቷ 40 ኪሎ ለሆነ ልጅ ከ80 እስከ 200 ሚሊዮን ያስፈልጋል ማለት ነው። ቁጥሩ ከበቂ በላይ ከሆነ በማቀዝቀዝ የሚጎድለው ብዙም አይታወቅም። ቁጥሩ ከመነሻው አነስተኛ ከሆነ ግን እያንዳንዷ ጉድለት በማገገሚያው ቀናት ላይ ትታያለች።

ይህን ጉዳይ በስፋት የፈተነው የኮሮና ወረርሽኝ ነው። ቀድሞ ከለጋሽ የተወሰደ ሕዋስ በአብዛኛው ሳይቀዘቅዝ፣ በ4 ዲግሪ ገደማ ተይዞ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከአገር አገር ይጓጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አውሮፕላን ሲቆምና ድንበር ሲዘጋ፣ ታማሚው መድኃኒቱን ወስዶ መቅኔው ከጠፋ በኋላ ሕዋሱ በመንገድ ቢቀርስ የሚል ሥጋት መጣ። የአሜሪካው ብሔራዊ የመቅኔ ለጋሾች ድርጅት ሕዋሱ አስቀድሞ ደርሶና ቀዝቅዞ እንዲቆይ አዘዘ፤ ሌሎች አገሮችም እንዲሁ አደረጉ። በዚህ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎች የቀዘቀዘ የለጋሽ ሕዋስ ስለተሰጣቸው ሁለቱን ማወዳደር ተቻለ።

የተገኘውን ባጭሩ እናስቀምጥ። የቀዘቀዘውን የወሰዱት ነጭ ሕዋሳቸውና በተለይም ፕላትሌታቸው ለመነሣት በአብዛኛው አንድ ወይም ጥቂት ቀን ዘግይቶባቸዋል። በሕይወት በመቆየት ረገድ ግን ለደም ካንሰር በተደረጉት በአብዛኞቹ ጥናቶች ጎልቶ የወጣ ልዩነት አልታየም። አንድ በሽታ ግን ከዚህ ይለያል። መቅኔው በራሱ ደርቆ ደም ማምረት የሚያቆምበት፣ ሐኪሞች አፕላስቲክ አኒሚያ የሚሉት ሕመም ሲሆን፣ የቀዘቀዘ ሕዋስ በወሰዱት ላይ አለመያዝ በዝቶ ታይቷል። ለዚህ በሽታ ከተቻለ ትኩሱ ይመረጣል።

ሌላም ትምህርት ተገኝቷል። ጉዳቱ ከቅዝቃዜው ብቻ አልመጣም፤ ሕዋሱ ከተወሰደ በኋላ ሳይቀዘቅዝ በመንገድ የቆየበት ጊዜ ሲረዝም ሟቹ ይበዛል። ስለዚህ ለጋሹና ታማሚዋ በአንድ ሆስፒታል ካሉና ሕዋሱ ወዲያው ከቀዘቀዘ ሥጋቱ ይቀንሳል። የደብዳቤው ጸሐፊ ቤተሰብ ለሐኪሞቹ ሊያቀርቡ የሚገባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። የሚቀዘቅዘው ለምን ጥቅም ነው? ስንት ግንደ ሕዋስ ለኪሎ ተገኘ? ከተወሰደ ስንት ሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል? ከመቅለጡ በፊት ናሙናው ተፈትሾ ሕይወቱ ይታያል ወይ? ሐኪም በዚህ አይከፋም፤ መልሱም ቤተሰቡን ያረጋጋል።

ማቀዝቀዙ የሚሰጠው ጥቅምም መረሳት የለበትም። ልጅቷ ትኩሳት ቢይዛትና ሕክምናው በሁለት ሳምንት ቢራዘም ሕዋሱ ይጠብቃታል። ወንድሟ ቢታመም ወይም የቪዛ ጊዜው ቢያልቅ ስጦታው በቦታው አለ። ከሁሉም በላይ መቅኔዋን የሚያጠፋው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ምትኩ በእጅ መግባቱ ተረጋግጧል። የጥቂት ቀን መዘግየትን የሚያስመርጠው ይህ ነው።

እትብትና የእትብት ደም

በአገራችን ሰው የተወለደበትን ስፍራ ሲጠራ እትብቴ የተቀበረበት ይላል። በዚያ በሚቀበረው እትብትና በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም ግንደ ሕዋስ የሞላበት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1988 በፓሪስ ሴን ሉዊ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ኤልያን ግሉክማን በዘር የሚተላለፍ የመቅኔ በሽታ ለነበረበት የ5 ዓመት አሜሪካዊ ሕፃን አዲስ ከተወለደች እህቱ እትብት የተወሰደውን ደም ሰጡት። ደሙ አሜሪካ ውስጥ ቀዝቅዞ ቆይቶ በአውሮፕላን ወደ ፓሪስ የተወሰደ ነበር። ሕፃኑም ድኖ ለአካለ መጠን ደርሷል።

የእትብት ደም ሲያዝ ግን ነጭ ሕዋስ ለመነሣት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ብዙዎች ጥፋቱን በማቀዝቀዙ ላይ ያላክካሉ። ዋናው ምክንያት ግን በአንድ እትብት ውስጥ ያለው የሕዋስ ቁጥር ከመቅኔ ጋር ሲወዳደር በጣም ትንሽ መሆኑ ነው።

በዐረብ አገሮችም ሆነ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን የልጃቸውን የእትብት ደም በየዓመቱ እየከፈሉ እንዲያስቀምጡ በግል ድርጅቶች ይጠየቃሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ይህን ለክፉ ቀን መያዣ ብሎ ማድረግን አይመክርም። ልጁ በኋላ የደም ካንሰር ቢይዘው የበሽታው ዘር በገዛ እትብቱ ደም ውስጥ አስቀድሞ ሊኖር ስለሚችል ብዙ ጊዜ አይጠቅመውም። በቤት ውስጥ በዚህ ሕክምና ሊድን የሚችል የታመመ እህት ወይም ወንድም ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከሐኪም ጋር መምከር ይገባል። ለቀረነው ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቀላል ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ እትብቱን ለመቁረጥ አለመቸኮል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ። በዚያች ደቂቃ የእትብቱ ደም ወደ ባለቤቱ ይገባል፤ በወራት ዕድሜው የደም ማነስ እንዳያገኘውም ይረዳዋል።

ሳይቀዘቅዝ የሚሠራበትም አገር አለ

የፈሳሽ ናይትሮጅን መሣሪያና ሠራተኛ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ አቅም የሌለው አገር ይህን ሕክምና ጨርሶ ይተው ማለት አይደለም። በአልጄሪያ፣ በኦራን ከተማ ያሉ ሐኪሞች ማይሎማ ለሚባለው የመቅኔ ካንሰር የታማሚውን የራሱን ግንደ ሕዋስ ሳያቀዘቅዙ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ያቆያሉ። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ በመሆኑ ሕዋሱን በጥቂት ቀናት ውስጥ መመለስ ይቻላል። መቅኔው በጥሩ ሁኔታ መያዙንም በተከታታይ አሳውቀዋል። በሕንድም ይሠራበታል። ዘዴው ረጅም ቀጠሮ ለሚጠይቅ ሕክምና አይሆንም፤ ቢሆንም ለአፍሪካ አገሮች ትልቅ ትምህርት አለበት።

አገራችንም በንቅለ ተከላ በኩል ጉዞ ጀምራለች። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል፤ ወንድም ለወንድሙ፣ እናት ለልጇ ኩላሊት ሰጥተዋል። ኩላሊት እንደ ግንደ ሕዋስ ለዓመታት ቀዝቅዞ የሚቀመጥ አይደለም። ግንደ ሕዋስ ግን ተቆጥሮ በከረጢት የሚያዝና የሰጠውም ሰው መልሶ የሚተካው ነው።

በሸሪዓ በኩል

ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንታመም መድኃኒት እንድንፈልግ አስተምረውናል። ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ተወኩል ነው። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ባደረገው ጉባኤ እንደ ደምና ቆዳ ያለ ራሱን የሚተካ የአካል ክፍል ከሰው ወደ ሰው ቢተላለፍ የተፈቀደ መሆኑን ወስኗል፤ የአካልን መሸጥ ግን ከልክሏል። በመካ የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ባደረገው 17ኛ ጉባኤው በቀጥታ ስለ ግንደ ሕዋስ ተነጋግሮ፣ ፈቃዱን ከሰጠ አዋቂ፣ በአሳዳጊው ፈቃድ ከሕፃን፣ እንዲሁም ከእትብትና ከእንግዴ ልጅ ተወስዶ ለሕክምና መዋሉን ፈቅዷል። ሆን ተብሎ ከተወረደ ጽንስ መውሰድን ሐራም አድርጓል።

በቤተሰብ ዘንድ ሌላም ጥያቄ ይነሣል። ደምና መቅኔ መስጠት እንደ ጡት ማጥባት ዝምድና ፈጥሮ ጋብቻን ይከለክላል ወይ ይባላል። ይኸው የመካው ምክር ቤት ደም መስጠት እንደ ጡት ወተት ጋብቻን የሚከለክል እንዳልሆነ ወስኗል። ልጅቷ ከንቅለ ተከላው በኋላ የደም ዓይነቷ እንደ ወንድሟ ሊለወጥ ይችላል፤ ያ የሕክምናው ውጤት ነው እንጂ ዘሯን የሚለውጥ አይደለም። በየግል ጉዳያቸው ጥርጣሬ ያላቸው አንባቢዎች በአቅራቢያቸው ያሉትን ዑለማእ ይጠይቁ።

የእኛ ድርሻ

አሁን ሁሉም ቤተሰብ ሊያስብበት ወደሚገባው ነገር ደረስን። አዲሱ መቅኔ እስኪይዝ ባሉት ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንታት ታማሚዋ የምትኖረው ሰዎች በሚለግሱት ደም ነው። ግንደ ሕዋሱ ለዓመታት ይጠብቃል፤ ለእነዚያ ሳምንታት የሚያስፈልገው ፕላትሌት ግን በደም ባንክ ውስጥ የሚቆየው ለ5 ቀን ያህል ብቻ ነው። እርሱም በማቀዝቀዣ ሳይሆን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለ ቦታ ያለማቋረጥ እየተወዘወዘ ነው። ቀዩ ደም በማቀዝቀዣ ከአንድ ወር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የለገስነው ደም የዛሬዋን ታማሚ አይደርስላትም። ማቀዝቀዝ ማገገምን በሦስት ቀን ቢያዘገየው፣ እነዚያ ሦስት ቀናት የሚታለፉት ለጋሽ ካለ ነው።

በአገራችን የደም ባንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1969 በቀይ መስቀል ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላልፏል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። የሚለገሰው ደም የሚጠቅመው ለደም ካንሰር ታማሚ ብቻ አይደለም። በወሊድ የምትደማ እናትም በጋይንትም ሆነ በስማዳ የምትጠብቀው ይኸንኑ ነው። የመስጊድ ኮሚቴዎችና የወጣት ጀመዓዎች በየሦስት ወሩ ቀን ወስነው ወደ ደም ባንክ ቢሄዱ ወይም ተንቀሳቃሽ ቡድን ቢጠሩ፣ ታላቅ ሶደቃ ይሆንላቸዋል። በረመዳን የለጋሽ ቁጥር ስለሚቀንስ ከረመዳን በፊት ባለው ሳምንትና በማታ ከኢፍጣር በኋላ መለገስን ልማድ ማድረግ ይቻላል። ሱረቱል ማኢዳ በ32ኛው አንቀጽ ስለ አንዲት ነፍስ ማዳን የሚያስተምረንን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ለእስቴው ወንድማችን መልሳችንን እንጠቅልለው። በዘዴ የቀዘቀዘ ሕዋስ ይሠራል። ማገገምን በጥቂት ቀናት ሊያዘገየው ይችላል፤ የልጅቷን ዕድል ግን ለደም ካንሰር በሚደረገው ሕክምና ያን ያህል አይቀንሰውም። በሸሪዓም ሕክምናው የተፈቀደ ነው። ለእናታችን ደግሞ ይህን ይንገሩልን፦ ውርጭ የገደለው ባቄላ ሌሊቱን ዕራቁቱን ያደረ ነው፤ የልጅዎ ሕዋስ ግን ተሸፍኖ ነው ያደረው። እርስዎ በዱዓ ይበርቱ። ቤተሰቡም እዚያ ካሉት ወገኖች መካከል ደም የሚለግሱትን ከአሁኑ ያሰባስብ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለእርሷም ለታመሙት ወገኖቻችን ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።